«ኩሬህ ጋ ሂድ» ስትልህ

መራዊ አካባቢ የሚኖር አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ከ4 ዓመት በፊት ከቆጋ መስኖ በሚመጣ ውኃ አንድ የዓሣ ኩሬ ቆፍሮ ጀመረ። አሁን 5 ኩሬ አለው። ባሕር ዳር ላለ አንድ ሆቴል በየሳምንቱ ቆሮሶ ያቀርባል። ሚስቱ በዚህ ዓመት የጡት ካንሰር ተገኘባት፣ ቀዶ ሕክምና አደረገች፣ አሁን በየ21 ቀኑ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ትወስዳለች። ሦስተኛውን ዙር ጨርሳለች። የሥራውን የሒሳብ ደብተር ድሮ የምትይዘው እሷ ነበረች። «እንዳትጨነቅ ብዬ ወሰድኩት» ይላል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሆቴሉ እጥፍ አምጣ ሲለው፣ ሌላ 2 ኩሬ ለመቆፈር ተበደረ። ይህንን እሷ አታውቅም።

«ከኩሬ ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ምን ላድርግልሽ ስላት ‹በል አንት ኩሬህ ጋ ሂድ› ትለኛለች። ጠልታኛለች መሰለኝ። ሥራውን ልተወው ወይስ እህቷ መጥታ ታስታምማት?»

ወንድሜ፣ ከግድግዳው ልጀምር።

ኬሞ የሰውን አፍንጫና ምላስ ይለውጣል። ትናንት የምትወደው የወጥ ሽታ ዛሬ ያስመልሳታል። ቡና እንኳ ሲቆላ ከቤት የሚወጡ ሴቶች አጋጥመውኛል፣ ጎጃም ውስጥ ቡና የጠላ ሰው ምን ያህል ቢታመም ነው! አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መረብ ስትጎትትና ቆሮሶ ስትቀርፍ ውለህ፣ ልብስህ ላይ ቅርፊቱ ሳይረግፍ ገብተህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለህ። ጠላችህ ማለት ላይሆን ይችላል። ሽታው ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ ልትነግርህ አትችልም፣ ምክንያቱም የምትበሉት እንጀራ፣ የመድኃኒቱም ብር ከዚያው ሽታ ነው የሚመጣው። እንዴት ብላ «ገማህብኝ» ትበልህ?

ስለዚህ ኩሬው ጋ ሌላ ልብስ አስቀምጥ። እዚያው ታጠብ፣ ለውጥ፣ ጫማህንም ውጭ አውልቅ። ዓሣ ቤት ውስጥ አይጠበስ። ከዚያ በኋላም ወደ ግድግዳው ከዞረች ሌላ ነገር እናወራለን። ግን መጀመሪያ ይህን ሞክር።

አሁን ከበድ ወዳለው ልግባ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዓሣዎቹ ስትጽፍ እጅህ ይፈታል። ንጋት ላይ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያዛጉ አየር እንዳጠራቸው ታውቃለህ፣ ሌሊት ውኃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ሁሉ አየሩን እየተጋራቸው ስለሚያድር ጎሕ ሲቀድ ከሁሉም ሰዓት እንደሚከፋባቸው ታውቃለህ፣ ለዚህም ብለህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተህ ትሄዳለህ። ስለ ሚስትህ የጻፍከው ግን «ደህና ነኝ ትላለች» የሚል ብቻ ነው። ፀጉሯን የተላጨች ዕለት ቤት አልነበርክም። ሻሽ ማሰሯን ያየኸው በ2ኛው ቀን ነው።

ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። እንደምትወዳት ከደብዳቤህ ይታያል። ግን ኩሬው ጋ የሠራኸው ሥራ መልስ አለው። ፉርሽካና ፋጉሎ ስትበትን ውኃው ይንቦጫረቃል፣ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ በወራቸው ይመዘናሉ። አልጋዋ አጠገብ ግን ምንም የምታስተካክለው ነገር የለም። ትቀመጣለህ፣ እሷ ታቃስታለች፣ አንተ እጅህን የምታደርግበት ይጠፋሃል። ጎበዝ ሠራተኛ ለሆነ ወንድ ከዚህ የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለኝም። ሸሸህ። የሸሸኸው ደግሞ ጥሩ ሥራ ውስጥ ስለሆነ ማንም «የት ነህ?» አላለህም፣ እንዲያውም አመሰገኑህ። እውነቱን ልንገርህና፣ ያ ብድር አልተመቸኝም። ሚስትህ የመጀመሪያውን ኬሞ በወሰደች ማግስት 2 ኩሬ ልቆፍር ማለት ከሆቴሉ ጥያቄ ይልቅ ከቤት መሸሻ ይመስላል።

ሥራውን ግን አትተው። ሕክምናው ገንዘብ ይፈልጋል፣ ባዶ እጅህን ቤት ብትቀመጥም ለእሷ ሌላ ሸክም ነው የምትሆናት፣ «በእኔ ምክንያት ከሰረ» ትላለች። ባለበት ይቁም ነው የምልህ። አዲሶቹን ኩሬዎች አትቆፍር። ያልነካኸው የብድር ብር ካለ፣ መልሰህ መክፈል ይቻል እንደሆነ አበዳሪህን አነጋግር። ለሆቴሉም ዛሬውኑ «ሚስቴ ታማለች፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ያው የድሮው መጠን ነው» በል። ብዙ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል፣ ሲነገረው ግን ብዙ ሰው ይረዳል። ባይረዳህም ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ዓሣ ፈላጊ አታጣም።

ታናሽ ወንድምህ አብሮህ ይሠራል ብለሃል። እሱን አሠልጥነው። ዓሣ አንድ ቀን ምግብ ቢቀርበት አይሞትም፣ ይልቅ ከልክ በላይ በተበተነለት ምግብ ውኃው ሲበላሽ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ልጁ «ከተጠራጠርክ አትበትን፣ ንጋት ላይ ካዛጉ አዲስ ውኃ ልቀቅ» የሚለውን ካወቀ፣ አንተ 3 ቀን ብትጠፋ ኩሬው አይፈርስም።

ቀኑን በእሷ 21 ቀን ቁጠር። ኬሞ የምትወስድበት ቀንና ቀጥለው ያሉት 3 ወይም 4 ቀናት ማቅለሽለሹ የሚበረታባት ከሆነ እነዚያ ቀናት ያንተ ናቸው፣ እህቷ ብትኖርም ያንተ ናቸው። ወደ ሕክምናው የሚወስደው መንገድ አንዳንዴ እንደሚዘጋ ታውቃለህና ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ባሕር ዳር እደሩ። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጭ የደም ሴል የሚቀንስበት፣ ኢንፌክሽን በቀላሉ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ከፋርማሲ የሙቀት መለኪያ ግዛ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል። ኩሬው ጋ ኔትወርክ የለም ብለሃል፤ በእነዚያ ቀናት ኔትወርክ የሌለበት ቦታ አትዋል። ዓሣ መቅረፍም ሆነ ኩሬው ውስጥ መግባት አሁን ለእሷ አይሆንም፣ የክንፉ እሾህ ትንሽ ቢወጋት እንኳ አደጋ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ብዙውን ጊዜ ሻል የሚልበት ነው፤ ከሆቴሉ የየሳምንት ድርሻ ውጭ ያለውን መረብ መጣልና ገበያ ወደዚያ ሳምንት አዙር።

እናትህ ጠበል ይበቃታል እያሉ መሆኑንም ጽፈሃል። ጠበሉን አትከልክላት። ነገር ግን መድኃኒቱን የሚያስቆም ከሆነ እምቢ የሚለው አንተ መሆን አለብህ፣ እሷን ከአማቷ ጋር አታጋፍጣት። መጠመቁንም ቢሆን ደሟ በሚቀንስባቸው ቀናት ከሐኪሟ ጋር ተማከሩ።

እህቷ ትምጣ፣ መልካም ነው። ምግቡን ትሥራ፣ ልጆቹን ትያዝ። ያንተን ቦታ ግን አትሸፍንልህም።

በመጨረሻ ደብተሩ። የታመመን ሰው እንዳይጨነቅ ብለን ነገር መደበቅ የኛ ልማድ ነው። ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፣ ግን ብቻዋን ያስቀራታል። 4 ዓመት ሙሉ ስንት የዓሣ ጫጩት እንደገባ፣ ስንት ኪሎ እንደወጣ፣ ማን ዱቤ እንዳለበት በራሷ እጅ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ጡቷንና ፀጉሯን በሽታው ወሰደው። ደብተሩን የወሰድከው አንተ ነህ። «ኩሬህ ጋ ሂድ» ስትልህ «ኩሬህ» የሚለውን ቃል ስማው። ድሮ «ኩሬያችን» አልነበር የምትለው?

ሻል በሚላት ሳምንት፣ ታጥበህ፣ ልብስህን ለውጠህ፣ ደብተሩን ይዘህ ግባ። «ልትይዢው ከፈለግሽ ያንቺ ነው፣ ካደከመሽ እኔ ጽፌ ማታ ማታ አነብልሻለሁ» በላት። ከዚያ ስለ ብድሩ ንገራት፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደወሰድክ፣ ለምን እንደደበቅክ። አትቀንስ። ልትቆጣ ትችላለች። ልታለቅስም ትችላለች። ያን ጊዜ እግርህ ወደ በሩ ያመራል፣ አውቀዋለሁ። ተቀመጥ። ዓሣዎቹን ያን ዕለት ወንድምህ ይያቸው።