አውሮፕላኗ ሰማዩ ላይ የተለጠፈች ትመስላለች ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ የ1940ዋን ስፒትፋየር፣ የእንግሊዟን ተዋጊ አውሮፕላን፣ በዘይት ቀለም እየሳልክ ነው፣ ዝርዝሩን ሁሉ ተጠንቅቀህ ሰርተህ ግን የምትበር ሳይሆን ሰማዩ ላይ የተለጠፈች መሰለች። እኔ የጦርነት ዘመን አውሮፕላኖችን ስስል ብዙ አመት ሆኖኛልና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ሪቬቶቹን (ብረቱን የሚያያይዙትን ጥቃቅን ምስማሮች) አጥፋቸው፣ የምሬን ነው። በዛ ርቀት በአየር ላይ ያለች አውሮፕላን ላይ ሪቬት የሚያይ አይን የለም፣ የሚታየው ብርሃንና ጥላ ነው። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ፖል ናሽ በ1941 የብሪታንያን የአየር ውጊያ ሲስል አውሮፕላኖቹን ጥቃቅን አድርጎ ሰማዩን በጭስና በነጭ ዱካ ነው የሞላው፣ ስዕሉ ለንደን ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም አለ፣ እስቲ ፈልገህ እየው፣ ያ ሁሉ እንቅስቃሴ ያለ አንድ ሪቬት ነው የመጣው።

ሰማዩን ከአንድ ፎቶ አውሮፕላኗን ከሌላ ፎቶ ወስደህ ከሆነ ደግሞ ፀሐይዋ ሁለት ቦታ ሆናለች ማለት ነው፣ አይን ምክንያቱን ባያውቀውም ወዲያው ይነቃል። እኔ ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል በክር አንጠለጥልና አንድ መብራት ብቻ አበራበታለሁ፣ የምፈልገው አንግል እስኪመጣ አዞረዋለሁ፣ ጥላውን ከዛ ነው የምቀዳው። ሆዷ ላይ ደግሞ ከስሯ ያለው ነገር ቀለም ይገባል፣ ደመና ከሆነ ነጣ ይላል፣ ባህር ከሆነ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ሙሉ ክብ አድርገህ በነጭ አትሙላው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ስስ ብልጭታ በቂ ነው።

ከዛ ቀኑን ወስን፣ ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። 1940 ብለሃል ግን ግራጫና አረንጓዴ ቀብተሃታል፣ ግራጫው የመጣው ኦገስት 1941 ነው (በፈረንጆቹ ነው የምልህ)፣ በ1940 ቡናማና አረንጓዴ ነበረች። ፕሮፔለሩም ባለ 3 ብሌድ ነው፣ ባለ 4ቱ በ1942 ነው የመጣው። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አይቶ ቀለም መገመትም አያዋጣም፣ አንዳንዱ ፊልም ቀይና ቢጫን በጣም አጥቁሮ ነው የሚያወጣው።

ሌላው፣ የላክኸው የስዕልህ ፎቶ ላይ እየተኮሰች ነው አይደል? በ1940 የነበሩት አብዛኞቹ ስፒትፋየሮች 8 ብራውኒንግ መትረየስ ክንፋቸው ውስጥ ነበራቸው፣ ቆሻሻና ብርድ እንዳይገባ አፈሙዙ ላይ ጨርቅ ይለጠፍበታል፣ ብዙ ጊዜ ቀይ። አንዴ ከተተኮሰ ጨርቁ ይቀደዳል፣ ከክንፉ ስር ወደኋላ ጥቀርሻ ይዘረጋል። ያንተ ጨርቆች ግን ሳይነኩ ቀይ እንዳሉ ናቸው፣ ተመልካች ይሄን ሳያውቅ እንኳን አውሮፕላኗ ምንም ያልደረሰባት አዲስ ዕቃ እንደሆነች ይሰማዋል። ጥቀርሻውን አስገባ፣ ከሞተሩ ጭስ መውጫ ወደኋላ የሚሄደውንም እድፍ እንደዛው።

ስዕልህ ላይ ያለውን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሜሰርሽሚቱን፣ ደግሞ አርቀው፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ነው የሚመስሉት። ብዙ አብራሪዎች ከሁለቱ ክንፍ የሚወጣው ጥይታቸው እንዲገናኝ የሚፈልጉት 230 ሜትር ገደማ ላይ ነበር፣ በዛ ርቀት የ10 ሜትር ክንፍ ምን ያህል እንደሚያንስ አስበው። ትንሽ አድርገህ ወደ ጥግ ስትወስደው መሀል ላይ ሰማይ ይከፈትልሃል፣ ፍጥነቱም የሚታየው እዛ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ቀለሙ ካልደረቀ ዛሬውኑ እሱን ጠርገህ አንሳውና ከዛ ጀምር፣ ስፒትፋየሯን ከዛ በኋላ ትመለስባታለህ።