ስኳር ሳይኖር እግር ሲያቃጥል

የስኳር ምርመራዎ ደህና ሆኖ ሳለ ሁለቱም እግሮችዎ ማታ ማታ እንደሚያቃጥሉና እንደሚደነዝዙ ገልጸው፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠይቀዋል። ይህ ብዙውን ጊዜ የነርቭ ጉዳት ምልክት ሲሆን መነሻው ብዙ ነው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አልኮል ማዘውተር፣ የኩላሊት ሕመም፣ ኤችአይቪ፣ የሥጋ ደዌና አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች ይጠቀሳሉ። የቲቢ ሕክምና ላይ ከሆኑ ግን እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው አይሶናያዚድን ነው፤ መድኃኒቱ የቫይታሚን ቢ6ን ሥራ ስለሚያውክ ሐኪሞች ፓይሪዶክሲን (ቫይታሚን ቢ6 ራሱ ነው) አብረው የሚያዙት ለዚሁ ነው። ሕክምናውን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ፤ ቢ6ን ያለ ትእዛዝ በብዛት መዋጥም (ብዙ ሰው ቫይታሚን አይጎዳም ይላል) ራሱ ነርቭን ይጎዳል። ለዓመታት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ካልተመገቡ ቢ12ዎን ያስመርምሩ፤ የደም ማነስ ሳይታይም እጥረቱ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

የደነዘዘ እግር ጠጠርም ሆነ ፍም አይለይምና፣ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፤ የመታጠቢያውን ውሃ ሙቀትም በክርንዎ ይለኩ። ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳዎ፣ ተራ ማስታገሻ እምብዛም ስለማይረዳ፣ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን በትንሽ መጠን ሊያስጀምርዎ ይችላል። ድክመቱ በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።