የአንባቢያን ጥያቄ፦ አንድ ተክል ለምን አሥር ቦታ ይተከላል?

ሰሞኑን ስለ እጽዋት ማዕከላት ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ከአንዱ የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጉለሌ እጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር መሬት ይዟል። የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱም ዘር የሚያቆይበት ቀዝቃዛ ክፍል አለው። ታዲያ አንዱን ተክል እዚህም እዚያም፣ አልፎም ባሕር ማዶ መያዝ ብክነት አይደለም?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነገሩ ስለ ጤፍና ስንዴ ቢሆን ኖሮ ጥያቄዎ ልክ ነበር። የጤፍ ዘር እርጥበቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ እስኪወርድ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ቡና ግን ለዚህ አይመችም። ብርዱን አይችልም፤ በተራ ክፍል ቢቀመጥም ከጥቂት ወራት በኋላ የመብቀል ኃይሉ ይከዳዋል። አቮካዶና ማንጎ ደግሞ መድረቁን ራሱ አይችሉትም። እንሰት ዘር ቢኖረውም ገበሬው የሚያውቀው ዝርያ መልኩን ሳይለውጥ የሚተላለፈው በአሚቾው ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ የሚጠበቁት በቁማቸው፣ በሕይወት እያሉ ነው። በቁሙ ያለ ነገር ደግሞ ይታመማል፣ ያረጃል፣ እሳት ይደርስበታል፣ አንዳንዴም መንገድ ይወጣበታል።

በ1964 እና 65 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስበው ነበር። ያ ስብስብ ጅማ ብቻ አልቀረም፤ ኮስታሪካ ቱሪያልባ፣ ሕንድና ታንዛኒያም ተተከለ። በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ መፍትሔው የተገኘው ከቡናው ከራሱ የዝርያ ብዛት ነው፤ ገበሬው ዛሬ 74110 እና 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች በ1974 በሽታውን ከተቋቋሙ ዛፎች የተመረጡ ናቸው። ዘመን የተሻገረ የቡና ዛፍ ግን የትም ቢተከል ያረጃል። ቅጂው በሌላ ቦታ ቆሞ ካልጠበቀ፣ አሮጌውን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ በሰያፍ ጎንድሎ ማደስ እንኳ ድፍረት ይጠይቃል። ጉንደላው ባይሳካ ሌላ የለማ።

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ካለ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ 300 ችግኝ አፍልተው ለሦስት ተቋማት ሊሰጡ ነው። ጥሩ ሥራ ነው?» (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ጥሩ ነው። ዝርያን ለመጠበቅ ከሆነ ግን ሦስት መቶው ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ይህ ስህተት በትልልቅ ማዕከላትም ዘንድ ያለ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በፋሲካ ደሴት የነበረው ቶሮሚሮ የተባለ ዛፍ ከተፈጥሮ ቦታው ጠፍቷል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1950ዎቹ አጋማሽ ከመጨረሻው ዛፍ የወሰደው ዘር ስዊድን፣ ጎተንበርግ እጽዋት ማዕከል ውስጥ በቀለና ብዙ አገር ደረሰ። ሲቆጠር ብዙ ነው፤ ዘሩ ግን የአንድ ዛፍ ነው። በኋላ ማዕከላቱ ተባብረው የያዙትን ሲያነጻጽሩ ደግሞ ቶሮሚሮ የሚል ታፔላ ተሰቅሎባቸው ሌላ ዝርያ ወይም ዲቃላ ሆነው የተገኙ ነበሩ።

ስለዚህ እናት ዛፎቹን ያብዙ። የሚመከረው 50 ነው፤ ኮሶ በተመናመነበት አካባቢ ይህን ማግኘት ይከብዳል፣ 15 ወይም 20 ቢገኝም ከአንድ እጅግ ይሻላል። በዛፍና በዛፍ መካከል ቢያንስ 50 ሜትር፣ ቢቻል 100 ይራቁ፤ ተጠጋግተው የቆሙ ዛፎች ብዙ ጊዜ ወንድምና እህት ናቸው። ከአንድ ዛፍ በዕለቱ ከደረሰው ዘር ከአንድ አምስተኛ በላይ አይውሰዱ። የእያንዳንዱን እናት ዘር በየራሱ የወረቀት ከረጢት ይያዙ እንጂ አይቀላቅሉ፤ ፕላስቲክ ያሻግታል። ኮሶ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች መሆናቸውንም አይርሱ። ዘር የምትሰጠው ቀላ ያለ አበባ ያላት ሴቷ ናት፣ ችግኙ ግን እስኪያብብ ድረስ ጾታው አይለይም። ለአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ችግኝ ብቻ ከሰጡ ሁሉም ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ደቡብ አፍሪካ የተገኘው የዉድ ሳይካድ የሚባል ዘንባባ መሰል ተክል በብዙ ማዕከላት አለ፣ ሁሉም ወንድ ነው፤ ሴቷ እስካሁን አልተገኘችም።

አፈላሉ ቀላል ነው። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀው መደብ ላይ ይበትኑት፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስስ አፈር ያልብሱት፣ ውኃውን በወንፊት ያጠጡ። ጥልቅ የተቀበረ አይወጣም። ጥላውና ውኃው ሲበዛ ደግሞ ችግኙ ከአንገቱ እየበሰበሰ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ዳሱን ገለጥ፣ ውኃውን ቀነስ ማድረግ ነው። ለሦስቱ ተቋማት ሲያከፋፍሉ ከእያንዳንዱ እናት ለሁሉም ይድረስ። የአንዷን እናት ልጆች በሙሉ ለአንዱ መስጠት የማካፈሉን ጥቅም ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ «ኮሌጃችን 40 ዓይነት እንሰት ሰብስቧል። አጠውልግ በሽታ በአንድ ጥግ ታየ። ሌላ ግቢ ላይ ለማባዛት አሁኑኑ እናውጣ ወይስ እንጠብቅ?» (ከሆሳዕና)

መልስ፦ ከታመመው ጥግ ምንም አይውጣ። ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ በአሚቾ ውስጥ ሊጓዝ ስለሚችል፣ ጤነኛ መስሎ የሄደው ተክል አዲሱንም ግቢ ይበክላል። የታመመውን ከሥሩ ነቅለው በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፤ ወደዚያ ከብት አይግባ። ሁለተኛው ጠላት ቢላዋ ነው። ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገሩ ስለቱን በእሳት ያግሉት፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይንከሩት። ሠራተኛ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚዘለው ይህ ነው። ስለዚህ ሁለት ቢላዋ ይሰጠው፤ አንዱ ሲነከር በሌላው ይሠራል።

ከራቀውና ከጤነኛው ክፍል በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ተክል ይምረጡ። ግንዱን ከአሚቾው በላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ትተው ይቁረጡ፣ መሃሉ ላይ ያለውን የዕድገት እምቡጥ ፈልፍለው ያውጡ። ይህ ካልወጣ ተክሉ ያንኑ አንዱን ልብ ያሳድጋል እንጂ ከጎኑ አያቆጠቁጥም። ቁስሉ ጠፈፍ ሲል ይቅበሩት፤ በወር ሁለት ወር ውስጥ ቡቃያው በብዛት ይወጣል፣ ከዓመት በኋላ ይለያያል። ከእያንዳንዱ ዝርያ ቢያንስ አምስት ተክል ለሌላው ግቢ ይሁን፤ አረካ ላይ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል የእንሰት ስብስብ ስላለው ስሞቹን ከእነርሱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። አንዱ እንሰት በየወረዳው ሌላ ስም አለውና 40 ያላችሁት 30 ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ «ለእረፍት አገር ቤት እሄዳለሁ። ከመንገድ ዳር የእሬት ግንጣይ ይዤ ተመልሼ እዚህ ላለ የእጽዋት ማዕከል ብሰጥስ?» (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አያድርጉት። የአገሪቱን የዘር ሀብት ይዞ መውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዝርያ በሙሉ ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና እጽዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚገዛ ሕያው ተክል ሲሻገር የዚያም ፈቃድ አለበት። በዚህ ላይ የእጽዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት አለ። የሚከበር ማዕከል ወረቀት የሌለውን ተክል አይቀበልም፣ ቢቀበልም መነሻ ቦታው ያልተመዘገበ እሬት ጌጥ ነው እንጂ ለጥበቃ አይረባም። ትክክለኛው መንገድ ማዕከሉ ራሱ ለአዲስ አበባው አቻው መጻፉ ነው። የሚላከው ግንጣይ ከአፈር ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሲደርስም ለብቻው ሳምንታት ይቆያል። ቅጠሉ ግርጌ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ካበቀለ የእሬት ማይት የሚባል በዓይን የማይታይ ደቃቅ ተባይ ነውና ያበጠውን ክፍል ቆርጦ ማቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ «በአንድ መደብ ላይ ስድስት ዓይነት እሬት አለን። ዘራቸውን ለሌሎች ማዕከላት ብንልክስ?» (ከመቀሌ)

መልስ፦ ዘሩን አይላኩ። እሬት ከጎረቤቱ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል፣ ወፏም ንቡም መደብ አይለዩም። ከሥሩ የሚወጣውን ግንጣይ ይላኩ። ግንጣይ የማያወጣ ዝርያ ከሆነ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ዘንጉን በስስ ጨርቅ ከረጢት ይሸፍኑና ከሌላ የዚያው ዝርያ ተክል ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ ያድርሱ። አብሮ የሚሄደው ወረቀት ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ የተሰበሰበበት ቦታና ከፍታ፣ ቀንና የእናቲቱ መለያ ይጻፍ። ቁጥሩ ለምሳሌ 2016/042/ሐ ቢሆን፣ 042 በዚያ ዓመት የገባው ስብስብ፣ ሐ ደግሞ ሦስተኛዋ ተክል ናት። ታፔላው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ፣ ፀሐይ ያጠፋዋል። በስስ አሉሚኒየም ላይ በምስማር ጭረው ይጻፉ፤ አንዱን ይስቀሉ፣ ሁለተኛውን ከተክሉ በስተሰሜን አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው ይቅበሩ። የተሰቀለውን ልጅ ይወስደዋል።