በወንድሜ በኩል ለአሜሪካ እጩ ላዋጣ?

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ያለው ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል። ለኮንግረስ እጩ ሲያዋጣ በእሱ በኩል 200 ዶላር ብጨምርስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይቻልም፤ አንድ ዶላርም ቢሆን። የአሜሪካ ሕግ የውጭ ዜጋ ከፌዴራል እስከ ከተማ ምርጫ ለእጩ እንዳያዋጣ ይከለክላል፤ ሱፐር ፓክ ለሚባሉት፣ ከእጩው ተነጥለው ለምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ ለሚያወጡ ኮሚቴዎችም ጭምር። በወንድምዎ ስም ማሳለፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፤ መዘዙም ለእሱ ይተርፋል። ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ላይ ይህን ዕዳ አይጫኑበት!

እሱ ግን ግሪን ካርድ ስላለው ክልከላው አይመለከተውም፤ ከራሱ ኪስ፣ በ2025–26 የምርጫ ዙር፣ ለአንድ እጩ በቅድመ ምርጫ (ፓርቲዎች እጩ በሚለዩበት) እስከ 3,500፣ በዋናው ምርጫ እንደገና እስከ 3,500 ዶላር መስጠት ይችላል።

እርስዎ ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት ቢያግዙ አይከለከሉም። የዘመቻው ገንዘብ የት ይዋል በሚለው ውሳኔ ግን እጅዎን አያስገቡ።