አጥቂ ይፈረም ወይስ የተከላካይ አማካይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ከሀዋሳ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩ ደብዳቤዎች ይበረክታሉ። በዚህ እትም ከደረሱን መካከል ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁትን፣ ማለትም ክለቡ በየትኛው የጨዋታ ቦታ ላይ ተጫዋች ያስፈርም የሚሉትን መርጠን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኛ በአቶቴ አካባቢ እየተሰባሰብን ኳስ የምናይ የሀዋሳ ከነማ ደጋፊዎች ነን። የክለባችን ገንዘብ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ዋና ተጫዋች ለማስፈረም አይበቃም በሚለው ሁላችንም እንስማማለን፤ በየትኛው ቦታ ይፈረም ወደሚለው ስንመጣ ግን ለሁለት ተከፍለናል። አንደኛው ወገን ጎል የሚያገባ አጥቂ ከሌለ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም ይላል። ሌላው ወገን፣ እኔም ያለሁበት፣ በቀላሉ የሚገባብንን ጎል ሳናስቆም አጥቂ መግዛት በተሸነቆረ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው ይላል። ነገሩ እስከ መኳረፍ ስለደረሰ ዳኝነት እንዲሰጡን እንጠይቃለን። (ከአቶቴ)

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ሜዳው ሁለት ጫፎች ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ገንዘብ መሃል ላይ፣ ከመሃል ተከላካዮቹ ፊት በሚቆመው የተከላካይ አማካይ ላይ ቢወጣ እመርጣለሁ። ይህን ስል ለማስታረቅ ብዬ እንዳልሆነ ምክንያቴን ስታነቡ የምትረዱልኝ ይመስለኛል።

ጎል ሲገባ ደጋፊው የሚያየው የመጨረሻውን ሰው ነው። ኳሱ መረብ ላይ ከማረፉ በፊት የነበሩትን ሦስትና አራት ቅብብሎች ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያይ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ታሪክ ያገኛል። የተጋጣሚው አማካይ በእናንተ አማካዮችና ተከላካዮች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ኳስ ይቀበልና ማንም ሳይደርስበት ፊቱን ወደ ጎል ያዞራል። የሚጋፈጠው ሰው ስለሌለ ከመሃል ተከላካዮቹ አንዱ ቦታውን ለቅቆ ይወጣበታል። እርሱ የለቀቀውን ለመሸፈን የግራ መስመር ተከላካዩ ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ በዚህም የተጋጣሚው የመስመር አጥቂ በክንፍ በኩል ብቻውን ይቀራል። ኳሱ ይደርሰዋል፣ ቀና ብሎ አይቶ ያሻማል፣ ሌላው በግንባሩ ገጭቶ ያስቆጥራል። በዚህ ጊዜ ስታዲየሙ በሙሉ «የግራ ተከላካዩ የት ሄደ?» እያለ ይጮኻል። ልጁ የሄደው ሌላ ሰው የተወውን ቦታ ሊሸፍን ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም በቡድኑ ውስጥ አልነበረም።

ለዚህ ከሪያል ማድሪድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ዴቪድ ቤካምን አስፈርሞ የተከላካይ አማካዩን ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ያንን ሁሉ ኮከብ ይዞ የስፔንን ሊግ እንደገና ያነሣው በ2007 ነው፤ ቼልሲ ግን በ2005 እና በ2006 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በዚሁ ቦታ የሚጫወተው ንጎሎ ካንቴም በ2016 ከሌስተር ጋር፣ በ2017 ደግሞ ከቼልሲ ጋር ዋንጫውን ማንሣቱን በሀዋሳ የዲኤስቲቪ ቤቶች የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በእርግጥ ዋንጫ በአንድ ሰው አይመጣም፤ ነገር ግን የዚህ ቦታ ሰው ሲሄድ የሚጎድለውና ሲመጣ የሚሞላው ከሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

የራሳችን ሊግ አሠራርም ወደዚሁ ይገፋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚያደርጓቸው ስለሆኑ ቡድኑ በጥቂት ቀናት ልዩነት ደጋግሞ ይጫወታል፤ አንዱ ሜዳ በቀን ከአንድ በላይ ጨዋታ ስለሚያስተናግድ ሣሩ ቶሎ ይጎዳል፤ ከሀዋሳ የነፋሻ አየር ወጥቶ ድሬዳዋ ላይ የሚጫወት ቡድን ደግሞ ከሙቀቱም ጋር ይታገላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የአማካዩ እግር ሲዝል በሁለተኛው አጋማሽ መሃል ሜዳው ይከፈታል፤ ከላይ የገለጽኩት ጎልም የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከወጣት ቡድኑ ሊያድግ ይችላል።

አጥቂ ይቅደም የሚሉት ወዳጆችዎ የአቡበከር ናስርን የ2013 የውድድር ዘመን ያስታውሱ። አቡበከር በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎሎች አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሆኖም ቡና ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስቆጥር አጥቂ በገበያው ላይ እናገኛለን ብሎ ማቀድ ደግሞ ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ለአጥቂ ወገኖች አንድ በር እከፍታለሁ። የሚቀጥሉትን ጨዋታዎች ስታዩ አንዳችሁ ጎሎቹን ትታችሁ የጎል ዕድሎቹን ብቻ መዝግቡ፤ ማለትም አጥቂው ከሳጥኑ ውስጥ፣ ከፊቱ ብዙ ተከላካይ ሳይኖር የመታቸውን ኳሶች ቁጠሩ። በየጨዋታው እንዲህ ያሉ በርካታ ዕድሎች እየተፈጠሩ የሚባክኑ ከሆነ እውነትም የጎደለው ጨራሽ ነው፣ እኔም እሸነፋለሁ። ዕድሉ ራሱ የማይፈጠር ከሆነ ግን አዲሱ አጥቂ እንደ ቀድሞው ሁሉ ኳስ እየጠበቀ ይቆማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ እርሱም ይሰደባል።

ጥያቄ፦ እኔ የምለው ግብ ጠባቂ ይገዛ ነው። ከማዕዘን ምት በተሻማ ኳስ ጎል በገባብን ቁጥር ግብ ጠባቂው መስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ሰዎች ግን ለግብ ጠባቂ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው ይሉኛል። ተሳስቻለሁ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ብክነት ነው የሚሉዎት ተሳስተዋል። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ኪዬቭ ላይ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜን በሪያል ማድሪድ 3 ለ 1 ሲሸነፍ የግብ ጠባቂው ስሕተቶች ምን እንዳስከተሉ ዓለም ሁሉ አይቷል። ክለቡ በዚያው ዓመት ጥር ላይ የመሃል ተከላካዩን ቨርጂል ቫን ዳይክን በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ወስዶ ነበር፤ ከፍጻሜው ሽንፈት በኋላ ደግሞ ግብ ጠባቂውን አሊሰን ቤከርን አመጣ። በ2019 የአውሮፓ፣ በ2020 ከ30 ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። አጥቂዎቹ ሳላህ፣ ማኔና ፊርሚኖ ግን ከሁለቱም በፊት እዚያው ነበሩ፤ ይህን አስምረው ለወዳጆችዎ ያሳዩልኝ።

ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመታት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ያ ቡድን በዐሥር ሰው 1 ለ 1 መውጣት የቻለው ተቀይሮ የሚገባ ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ዝግጁ ስለነበረው ጭምር ነው። ስለሆነም የመጀመሪያውን ግብ ጠባቂ ከመቀየር በፊት ሁለተኛው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ስለ ማዕዘን ምቱ ግን በከፊል አልስማማም። ግብ ጠባቂ ወጥቶ ኳሱን በቡጢ እንዲመታ ከፊቱ መንገድ የሚጠርጉለት ረጃጅም ተከላካዮች ያስፈልጉታል፤ በአምስት ሜትር ከሃምሳው ክልል ውስጥ አራት ሰው ተደርድሮበት መስመሩ ላይ የሚቀር ሁሉ ፈሪ አይደለም። ይህ በግዢ ሳይሆን በልምምድ የሚታረም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ስለ «ድራፍት» እየደወለ ያደክመኛል። የሚደግፈው ቡድን በየትኛው ቦታ ተጫዋች መምረጥ እንዳለበት ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ያድራል። ይህ አሠራር ምንድን ነው? ለእኛ ሊግስ አይበጅም? (ከመነኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወንድምዎ የሚከታተለው በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማለትም ኤንኤፍኤልን ነው። ድራፍት ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾች ለክለቦች በየተራ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ሲሆን የመጀመሪያው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1936 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው። ዛሬ 32 ቡድኖች በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ የሆነው አስቀድሞ፣ ሻምፒዮኑ ደግሞ በመጨረሻ ይመርጣል። ዓላማው ኃይል በአንድ ቡድን ብቻ እንዳይከማች ማድረግ ነው።

ለእኛ የማይሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። እዚያ መጨረሻ የወጣ ቡድን ከሊጉ አይወርድም፤ እንዲያውም በምርጫ ቀዳሚነት ይካሳል። እኛ ዘንድ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። በተጨማሪ የእኛ ልጆች የሚያድጉት በየክለቡ ወጣት ቡድን ስለሆነ፣ ሀዋሳ ለዓመታት ያሳደገውን ልጅ በድራፍት ለሌላ ክለብ አስረክብ ቢባል ነገ ወጣት ቡድን የሚያቋቁም አይኖርም።

ይሁን እንጂ ከወንድምዎ የሌሊት ክርክር የምንወስደው ነገር አለ። እዚያ ያለው ትልቁ ሙግት የጎደለን ቦታ ይሞላ ወይስ በተራችን ካሉት ሁሉ ምርጡ ተጫዋች ቦታው ምንም ይሁን ይወሰድ የሚል ነው። የጎደለውን ብቻ የሚያሳድድ ቡድን መካከለኛ ተጫዋችን በውድ ይወስዳል፤ ምርጡን ብቻ የሚወስድ ደግሞ በአንድ ቦታ ሦስት ሰው ደርድሮ ሌላው ባዶ ይቀርበታል። ሁሉም የተሳሳቱበት ጊዜም አለ፤ በ2000 ቶም ብሬዲ የተመረጠው በስድስተኛው ዙር፣ 199ኛ ሆኖ ነው፤ ከዚያም ሰባት ጊዜ የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ባለድል ሆነ። የእኛ ክለቦች በአብዛኛው የሚታሙት በሁለቱም አይደለም፤ ቀድሞ የተዋወቁትን ወይም ወኪሉ ያቀረበላቸውን በማስፈረም ነው። ወንድምዎ ቢያንስ ስለ ጨዋታ ቦታ ይከራከራል።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ የኳስ ተጫዋች ከተማ ሆና ሳለ ሁልጊዜ ስለ ግዢ ለምን እናወራለን? በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ልጆቹን ማሳደግ ያቅተዋል? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አያቅተውም፤ ግን ሁሉም ቦታ በእኩል ፍጥነት አያድግም። የመስመር አጥቂ በ18 ዓመቱ ገብቶ ቢሳሳት ኳሱ ከጎል ርቆ ነው የሚጠፋው፤ ስለዚህ ወጣቱን እዚያ ማጫወት ይቻላል። የመሃል ተከላካይና ግብ ጠባቂ ግን ስሕተታቸው በቀጥታ ውጤት ስለሚለውጥ ልምድ ይጠይቃሉ። የእኔ ምክር ክንፉ ከከተማዋ ልጆች እንዲሞላ፣ ከግብ ጠባቂው እስከ ተከላካይ አማካዩ ያለው መሃለኛው መስመር ደግሞ በተገዙ ልምድ ባላቸው ሰዎች እንዲታገዝ ነው። ሊጉ የክለቦችን የተጫዋች ወጪ በጣሪያ መገደብ ከጀመረ ወዲህ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ እየሆነ መጥቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው የዛምቢያ ጨዋታ የአቻነቷን ጎል ያስቆጠረው አዳነ ግርማ ከሀዋሳ ተነሥቶ ቅዱስ ጊዮርጊስ የገባ ተጫዋች ሲሆን፣ በአጥቂነትም በአማካይነትም በተከላካይነትም ያጫወቱት አሰልጣኞች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሁለገብ ልጅ በወጣት ቡድኑ ውስጥ ካለ አንድ የግዢ ቦታ ይቆጥባል። ስለዚህ ክለቡ የግዢ ዝርዝሩን ከማውጣቱ በፊት አሰልጣኙ ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን ቁጭ ብሎ ይይ።

ጥያቄ፦ እኔ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ነኝ። ስለ ከነማ ብቻ ስትጽፉ ሀዋሳ ውስጥ ሌላ ክለብ ያለ አይመስልም። ለእኛ አንድ ቦታ ብትመርጡልን የትኛው ነው? (ከአሞራ ገደል አካባቢ)

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ በአሞራ ገደል ዓሣ እየበሉ ስለ ከነማ ብቻ ማንበብ እንደማይጥም እንረዳለን። ስለ መሃል ሜዳው የተባለው ለእናንተም ይሠራል። ከዚያ ቀጥሎ ግን በግራ እግሩ የሚጫወት የግራ መስመር ተከላካይ እላለሁ። ግራኝ ተጫዋች በየትኛውም አገር ጥቂት ነው፤ በቀኝ እግሩ የሚጫወት ሰው በግራ መስመር ሲሰለፍ ኳሱን ወደ ውስጥ አዙሮ ለማሻማት አንድ ተጨማሪ ንክኪ ይፈልጋል፣ በዚያች ቅጽበት ተከላካዩ ይደርስበታል። እንዲህ ያለ ልጅ በከፍተኛ ሊግም ሆነ በወጣት ውድድር ከታየ፣ ቦታው ዛሬ ሰው ቢኖረውም ይፈረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲፈለግ አይገኝም።