«ከየሙከራ_ውጤት» ወይስ «ከሙከራ_ውጤት»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ፕሮግራማችን እንዴት ቢልድና ቴስት እንደሚደረግ (እንደሚገነባና እንደሚሞከር) የሚያስረዳ ሰነድ በአማርኛ ማዘጋጀት ነው። ያስቸገረኝ የፋይል ስም ነው። «የሙከራ_ውጤት» የሚባል ፋይል አለን። አንዱ ባልደረባዬ «ከየሙከራ_ውጤት» ብሎ ይጽፋል። ሌላዋ «ከሙከራ_ውጤት» ትላለች። እኔ ደግሞ «ከ-የሙከራ_ውጤት» እላለሁ። ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ አሉ። ለናሙና ይህን ይዩልኝ፦ «ከሙከራ_ውጤት ላይ የወደቁትን ቴስቶች ለይተው ወደ ስህተት_ዝርዝሩ ይገልብጡ፤ ከዚያም ከመ/ቤት_ሪፖርት ጋር ያያይዙ።» የማናችን ነው ልክ? ወጥ ሆኖ እንዲሄድስ እንዴት እንጻፈው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስታችሁም አልሆነላችሁም። አይክፋሽ። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችን ሰዋስውም እጁ አለበት።

ከባልደረባሽ፣ ከሴቲቱ ልጀምር። «ከሙከራ_ውጤት» ብላ የጻፈችው ጆሮዋን አምና ነው። አማርኛ ውስጥ «የ» ሌላ መስተዋድድ ሲመጣበት ቦታውን ይለቃል። «የጎረቤት ልጅ» እንላለን። «ከ» ሲገባ ግን «ከየጎረቤት ልጅ ተጣላሁ» የሚል የለም፤ «ከጎረቤት ልጅ» ነው። «የአስቴር ቤት» «ወደ አስቴር ቤት» ይሆናል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ከእናታችን አፍ የለቀምነው ነው። ስለዚህ ባልደረባሽ በሰዋስው አልተሳሳተችም። ግን ሰነዱን የሚያነበው ሰው «ሙከራ_ውጤት» የሚባል ፋይል ሲፈልግ ይውላል። እንደዚያ የሚባል ፋይል ደግሞ የለም። ያለው በ«የ» የሚጀምረው ነው። ሰዋስው አንዲት ፊደል ዋጠ፣ ሰውዬው ግማሽ ቀን አጣ።

«ከየሙከራ_ውጤት» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። «የ» መውደቅ ሲገባው ሳይወድቅ ሲቀር አማርኛ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። «ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ» ሲባል ከእያንዳንዱ ቤት ማለት ነው። «በየቀኑ»፣ «ለየራሱ»፣ «ከየአቅጣጫው» እንደምንለው። እንግዲህ «ከየሙከራ ውጤት» የሚለውን ያየ ሰው ከእያንዳንዱ ሙከራ ውጤት ላይ አድርግ የተባለ ይመስለዋል። አርባ ቴስት ካላችሁ አርባውንም ሊከፍት ነው። ቴስት ለሚያደርግ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ያንቺ ሰረዝ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ስሙን ከመስተዋድዱ ለመለየት ሞክረሻል። ነገር ግን ሰረዝ በፋይል ስም ውስጥ የሚፈቀድ ምልክት ነው። አንባቢው ሰረዟ የስሙ አካል ትሁን ያንቺ መለያ በምን ያውቃል?

እስካሁን ያልነው ከፊት ስለሚቀጠለው ነው። ከኋላ የሚቀጠለው ይብሳል፤ እናንተም ገና አላያችሁትም። «ስህተት_ዝርዝሩ» ብለሻል። የፋይሉ ስም ግን «ስህተት_ዝርዝር» ነው። የላቲን ፊደል ቢሆን ኖሮ ከስሙ መጨረሻ አንድ ፊደል ትጨምሪ ነበር፤ ስሙ እንዳለ ይቀራል። የእኛ ፊደል እንደዚያ አይሠራም። ድምፁ ሲጨመር የመጨረሻዋ ፊደል ራሷ መልኳን ትለውጣለች፤ «ር» «ሩ» ትሆናለች። ኮምፒዩተሩ «ር»ን እና «ሩ»ን እንደ አንድ ቤተሰብ አያያቸውም። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በሰረዝ እንኳ ልትለያቸው አትችዪም፤ ሰረዙን የት ታስገቢዋለሽ?

የኔ መልስ አጭር ነው። የፋይል ስም አይረባም፤ መልኩን አይለውጥም ማለቴ ነው። «የ»ም «ከ»ም «ን»ም «ው»ም አይነካውም። ሸክሙን «ፋይል» የሚለው ቃል ይሸከምለት። «የሙከራ_ውጤት» የተባለውን ፋይል፤ «የሙከራ_ውጤት» ከተባለው ፋይል፤ «የሙከራ_ውጤት» በተባለው ፋይል ውስጥ። ዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ይርዘም። ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠሪው «ፋይሉን» ወይም «ይኸንኑ ፋይል» ብትዪ ይበቃል። ብዙ ከሆኑም «ሪድሚዎች» (ሪድሚ «አንብበኝ» የሚባለው የመግለጫ ፋይል ነው) ሳይሆን «ሪድሚ የተባሉት ፋይሎች» በዪ። በቢሮ ወሬ ላይ «ሪድሚውን አየኸው?» ብትባባሉ ማንም አይከሳችሁም። እኔ የምለው ስለ ሰነዱ ነው።

ስሙን በምን እንለየው? ጥቅስ ምልክታችን «» አለ፤ ይበቃል። ኮፒ የሚያደርገው ሰው ምልክቱን አብሮ እንዳይወስድ ግን ከሰነዱ መግቢያ ላይ አንድ መስመር ጻፊ፦ ምልክቱ የስሙ አካል አይደለም በዪ። ደመቅ አድርጎ መጻፍም ያስኬዳል። ፊደል ማጋደልን ግን እባክሽ ተዪው። ማጋደል የላቲን ልማድ ነው፤ የእኛ ፊደል ሲጋደል ነፋስ የመታው አጥር ይመስላል። የብራና ጸሐፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም የሚለዩት በቀይ ቀለም ነበር። እኔም አንዳንዴ በቀይ ብትጽፊው እላለሁ፤ ከዚያ የቢሮው ፕሪንተር ጥቁር ብቻ መሆኑ ትዝ ይለኛል።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእንግሊዝኛ እንበልጣለን። በእንግሊዝኛ የፋይል ስም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲውል ነጥቧ የስሙ ትሁን የዓረፍተ ነገሩ አትለይም። የፋይል ስም በነጥብና የፋይሉን ዓይነት በሚናገረው ቅጥያ ነዋ የሚጨርሰው። እኛ አራት ነጥብ አለን። «።» ከፋይል ነጥብ ጋር በምንም አትምታታም። ይህ የሚሠራው ግን አራት ነጥቧን በትክክል ስትጽፊ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ እየመታችሁ አራት ነጥብ የምታስመስሉ ልጆች አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

አሁን ወደ ሞክሼ ፊደላት፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ወደሚለየው። አንድ ወቅት አንድ ቢሮ የአማርኛ መመሪያውን እንዳርምለት ላከልኝ። እኔ የፊደል ነገር ሲሆን ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ስህተት» የሚለውን ሁሉ በሐመሩ «ሐ» «ስሕተት» ብዬ አረምኩ። ሥርወ ቃሉ ስለሆነ ነው። ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ መመሪያውን ተከትለን ስንሠራ ፋይሉ የለም ይለናል» አሉኝ። ለካ እኔ ካረምኳቸው ውስጥ አራቱ የፋይል ስም ነበሩ። ዲስኩ ላይ ያሉት በሃሌታው «ሀ» ተጽፈዋል። እርማቴ ለሰዋስው ልክ ነበር፤ ለሥራው ግን ማበላሸት ሆነ። ይቅርታ ጠይቄ አራቱን ወደ ስሕተታቸው መለስኳቸው።

የእኛ ፊደል ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያኔ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ንጉሡ «ሠ» ሌላ፣ እሳቱ «ሰ» ሌላ። ጸሎቱ «ጸ» ሌላ፣ ፀሐዩ «ፀ» ሌላ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን እንደ «በ» እና «ተ» የተራራቁ ናቸው። «ጽሑፍ» የምትለዋን ቃል ብቻ ተመልከቺ። መጀመሪያዋ «ጽ» ወይም «ፅ»፤ ሁለተኛዋ «ሑ»፣ «ሁ» ወይም «ኁ»። ድምፁ አንድ ሆኖ ስድስት የተለያየ የፋይል ስም ይወጣዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በትልቅና በትንሽ ፊደል ይታመሳሉ። ኮምፒዩተርን ከሚያንቀሳቅሱት ሥርዓቶች ሊኑክስ ሁለቱን ይለያል፤ ዊንዶውስ በልማዱ አይለይም። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒዩተር ያለፈው ቴስት በሌላው ይወድቃል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ሞክሼ ግን አለን። ዊንዶውስም ሊኑክስም አይምሩንም።

ምን ይሻላል? ፋይሉ ከተሰየመ ሰነዱ ዲስኩን ይከተል። በሐተታው ውስጥ «ስሕተት» ብለሽ ጻፊ፤ የፋይሉ ስም «ስህተት» ከሆነ ግን እንዳለ ተዪው። ዓይንሽ ቢያመው ቻዪው። አዲስ ፋይል ስትሰይሚ ደግሞ ሞክሼ የሌለበትን ቃል ምረጪ። «ውጤት»፣ «ሙከራ»፣ «ዝርዝር»፣ «ግንባታ»፣ «ጉድለት»። ማንም በሁለት መንገድ ሊጽፋቸው አይችልም።

አሁን ስለዚያ «መ/ቤት_ሪፖርት» ልንገርሽ። ይህን ሳነብ ሳቅኩ። እኛ ቃል የምናሳጥረው በእዝባር ነው፤ መ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ዶ/ር። እዝባር ግን ሊኑክስ ላይ ፎልደርን ከፋይል የሚለይ ምልክት ነው። ዊንዶውስም በስም ውስጥ አይቀበለውም። ጨዋ የሆነው ፕሮግራም አይሆንም ይልሻል። ጨዋ ያልሆነው «መ» የሚባል ፎልደር ከፍቶ ውስጡ «ቤት_ሪፖርት» ያስቀምጥልሻል። ስለዚህ ይህ ስም ሰነድሽ ላይ እንዳለው ሆኖ ዲስኩ ላይ ሊገኝ አይችልም። አንድ ሰው ሲጽፍ በልማድ አሳጥሮታል። በነጥብ የሚያጥሩትም እንዲሁ ናቸው። «ዓ.ም.» በፋይል ስም መካከል ከገባ ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ቅጥያ ነው ብሎ የሚወስድ ፕሮግራም አለ።

ቅጥያውን ካነሳን፣ ሰነዱ ላይ ሁሌም ሙሉውን ጻፊው። ዊንዶውስ በልማዱ ቅጥያን ይደብቃል፤ አንባቢሽ ላያየው ይችላል፤ ሰነድሽ ግን ሊያውቀው ይገባል። እዚህ እኔ የተውኩት ለንባብ እንዲቀል ብዬ ነው። «ሪድሚ»ንም በፊደላችን የጻፍኩት እንዲሁ ነው። በሰነድሽ ውስጥ በላቲን የተሰየመ ፋይል በላቲኑ፣ ትልቁም ትንሹም ፊደል እንዳለ ይግባ።

ክፍት ቦታ በስም ውስጥ አታስገቢ። ሜክ የተባለውን የቢልድ መሣሪያ ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ ሲሠራው እ.ኤ.አ. 1976 ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ክፍት ቦታ ሲያይ ስሙ ያለቀ ይመስለዋል። እናንተ በአንደርስኮር («_») መለየታችሁ ደግ ነው። አባቶቻችንም ቃልን ከቃል የሚለዩት በባዶ ቦታ ሳይሆን በ«፡» ነበር፤ እሷ የዘመኑ አንደርስኮር ነበረች ማለት ይቻላል። በፋይል ስም እንጠቀምባት ብዬ ግን አልመክርሽም። የእኛዋ «፡» ዊንዶውስ ከሚከለክለው የእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ ጋር በቁጥር ትለያያለች፤ ለዓይን ግን መንታ ናቸው።

ቁጥር ላይ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ። ፊደል በፊደል እያነጻጸረ በሚደረድር ፕሮግራም «ሙከራ_10» ከ«ሙከራ_2» ይቀድማል። ለዚህ ነው «ሙከራ_02» ተብሎ ዜሮ የሚጨመርበት። የግእዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም። ለዐሥር የራሱ ምልክት «፲» አለው፤ ቁጥሩም በዩኒኮድ ከ«፱» ቀጥሎ ነው። በኮድ ቁጥር ከተደረደረ «፱»፣ «፲»፣ «፲፩» እያለ እስከ «፻፺፱» ድረስ በትክክል ይሄዳል። ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ «፪፻» በ«፪» ስለሚጀምር ይፈርሳል። እንግዲህ ከ199 በታች ቴስት ያለው ቢሮ በግእዝ ቁጥር ቢሰይም በመርሕ ደረጃ ያዋጣዋል። ኪቦርድ ላይ ማን ያገኛቸዋል ካልሽ፣ እኔም መልስ የለኝም። 02 ብላችሁ ጻፉ።

ቀን ስታስገቢ ዘመኑን ለዪ። «ውጤት_2017_01» የመስከረም 2017 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ? በመካከላቸው ሰባት ዓመት ከምናምን አለ። ቴስቱ ራሱ የሚጽፈው ፋይል ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ቀን ነው የሚይዘው፤ በእጅ የምትሰይሙትም ከእሱ ጋር ይሂድ። ጳጉሜን 13 ብሎ የሚሰይም ሰው ቢኖር ደግሞ 12 ወር ብቻ የሚያውቀው ፕሮግራማችሁ ያኮርፋል።

ርዝመትም አለ፤ ይህን ቶሎ ልለፈው። በተለመደው የሊኑክስ ዲስክ አንድ ስም ከ255 ባይት (የኮምፒዩተር የመረጃ መለኪያ) አይበልጥም። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ርእስ የሚያህል ስም አትስጡ።

ያንቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

መጀመሪያ «የሙከራ_ውጤት» የተባለውን ፋይል ይክፈቱ። የወደቁትን ቴስቶች ለይተው «ስህተት_ዝርዝር» ወደተባለው ፋይል ይገልብጡ። ከዚያም ይኸንኑ ፋይል «        » ከተባለው ፋይል ጋር ያያይዙ።

«ስህተት»ን በሃሌታው የተውኩት ዲስክሽ እንዲያ ስላለ ነው፤ እጄ ግን ተንቀጥቅጧል። ሦስተኛውን ስም ክፍት አድርጌዋለሁ። ያለ እዝባር እውነተኛ ስሙ ምን እንደሆነ ፎልደሩን ከፍተሽ እዪና አንቺው ሙዪው።