ልጄን ዋና መቼ ላስጀምር? የወላጆች ጥያቄና የአሰልጣኝ መልስ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጥያቄው ይጎርፋል። «ስንት ዓመት ሲሞላው ላምጣው?» «በስንት ቀን ይችላል?» «ብርድ አይመታትም?» በየተራ ስልክ ላይ ከመመለስ ብዬ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ ተቀምጫለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችን ዋና አስተምራለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ የሕክምናውን ነገር ለባለሙያው እተዋለሁ። ሌላውን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ወሩ ነው። ውሃ ውስጥ ሲጥሏቸው ራሳቸው ተገልብጠው የሚንሳፈፉ ሕፃናት ቪዲዮ ላይ አያለሁ። የኔም ይችላል?

መልስ፦ እነዚያን ቪዲዮዎች ባታያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ዋና በመማሩ ከመስጠም እንደሚድን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ትምህርቱን የሚመክረው ከ1 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ያውም ልጁ ዝግጁ ሲሆን። 4 ዓመት ሲሞላቸው ግን አብዛኞቹ ለመማር ደርሰዋል።

ሕፃን ፊቱን ውሃ ሲነካው ትንፋሹን ይይዛል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን አብሮት የተወለደ ነገር ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። ደግሞ ደጋግመው ካጠለቁት ብዙ ውሃ ይውጣል። በደሙ ያለው ጨው ይቀንስና እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል።

ገንዳ አይግባ እያልኩ አይደለም። ይግባ፣ ይጫወት። ውሃው 32 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ቆይታውም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። እኔ የማሠራው እንዲህ ነው፦ ወላጅ ልጁን ደረቱ ላይ ይዞ ውሃው ውስጥ ዝቅ ይላል። በትንሽ ኩባያ ውሃ ይቀዳል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይልና የልጁ ትከሻ ላይ ያፈሳል። ሁልጊዜ ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። ሲለምድ ከኋላ በኩል ጭንቅላቱ ላይ ያፈስለታል። እየቆየ ልጁ ገና «ሁለት» ሲባል ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ይገጥማል። ለዚያ ዕድሜ ትምህርት ማለት ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ የዋና ዳይፐር የግድ ነው? ውድ ነው እኮ።

መልስ፦ የግድ ነው። ተራው ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይፈርሳል። የዋናው ደግሞ ሽንት እንደማይዝ እወቁ። የሚያቆየው ሰገራን ብቻ ነው፣ እሱንም ለጥቂት ጊዜ። የሚታጠበውን ዓይነት ብትገዙ ይረክሳል። ተቅማጥ ያለበት ልጅ ግን በምንም ዓይነት ዳይፐር አይግባ።

ጥያቄ፦ ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ቤተ ክርስቲያኑን በለቅሶ አናወጠው። አሁን 2 ዓመቱ ነው፤ ጭንቅላቱን ስናጥበውም ይጮኻል። ከውሃ ጋር አልተፈጠረም ማለት ነው?

መልስ፦ በ40 ቀኑ የማያለቅስ የትኛው ነው? እሱን አያስታውሰውም። የጭንቅላት መታጠቡ ግን ቁም ነገር ነው። ሳሙና ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዘውታል። እኔም ብሆን እጮኻለሁ። ኩባያውን ለእሱ ስጡት፤ መጀመሪያ እናንተ ላይ ያፍስስ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ራሱ ላይ። ገንዳ ስትመጡም መጀመሪያ ዳር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያንቦጫርቅ። ቀኑ በዚያ ቢያልቅም ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ኮች፣ እኔን ታላቅ ወንድሜ ወንዝ ውስጥ ወርውሮኝ ነው የተማርኩት። ልጄን እንዲህ ባደርገው ምን አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ስለተረፍክ ነው ዛሬ የምትጠይቀኝ። ያልተረፉት አይጠይቁም። ደግሞ ተወርውረው የተማሩ ልጆች ሲመጡልኝ አውቃቸዋለሁ። አገጫቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ውሃውን በእጃቸው ይደበድባሉ። አሥር ሜትር ሳይሄዱ ይደክማሉ። ያንን ማስረሳት ከዜሮ ከማስተማር ይብሳል።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ተኩል ልጄ ክንዱ ላይ በሚነፋው ፕላስቲክ ያለ ችግር ይዋኛል። ቀጣዩ ደረጃ ምንድን ነው?

መልስ፦ ቀጣዩ ደረጃ ማውለቅ ነው። የሚዋኘው እሱ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው። ልጁ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ይለምዳል፣ ውሃ ይሸከመኛል ብሎም ያምናል። አንድ ቀን ሳያደርግ ዘው ይላል፤ የምፈራው ይሄንን ነው። አየሩ ሊወጣ፣ ከክንዱም ሊንሸራተት ይችላል። የመኪና ካላማዳሪ ጎማም ያው ነው። ጀልባ ላይ ወይም ሐይቅ ዳር ከሆናችሁ በልኩ የተሠራ ላይፍ ጃኬት አልብሱት፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

በዚህ ዕድሜ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ ውስጥ አረፋ መንፋት፣ ፊትን ማጥለቅ፣ በጀርባ መንሳፈፍ። ጀርባው ይከብዳል። ልጁ እናቱን ለማየት አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ አንገት ቀና ሲል እግር ይሰምጣል። ስለዚህ እናት ዳር ላይ አትቀመጥም። ከራስጌው ቆማ ከላይ ቁልቁል ታየዋለች። እሷን ለማየት ሲል ጆሮው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሆዱ ወደ ላይ ይወጣል። እጄን ከጀርባው ሥር ቀስ ብዬ ስስብ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ7 ዓመት ልጄን ደረጃ 1 ከ5 ዓመት ልጆች ጋር መደቧት። አፍራለች፣ አልሄድም እያለች ነው። ደረጃ 2 እንድትገባ «ትችላለች» ብዬ ልዋሽላት?

መልስ፦ እንዳትዋሺ! እዚያ ብዙ ገንዳዎች የሚከተሉት የአሜሪካ ቀይ መስቀልን ወይም እሱን የመሰለ አከፋፈል ነው። የቀይ መስቀሉ 6 ደረጃ አለው። የሚለካው ችሎታን እንጂ ዕድሜን አይደለም። ደረጃ 2 የሚጀምረው ፊቷን ያለ ፍርሃት ታጠልቃለች ብሎ ነው። ካልቻለች ከኋላ ቀርታ በባሰ ታፍራለች። ይልቅ በዕድሜ እኩዮቿ የሆኑ ጀማሪዎች ያሉበት ክፍል እንዳለ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ አለ። የ7 ዓመት ልጅ ትእዛዝ ቶሎ ስለሚገባት ከትንንሾቹ በፍጥነት ታልፋለች።

ልጄ ዋና ቻለች ለማለት ግን የደረጃ ወረቀቱን አትዪ። ይሄን እዪ፦ ከቁመቷ በላይ በሆነ ውሃ ዘላ ገብታ ብቅ ትላለች? 1 ደቂቃ ትንሳፈፋለች ወይም ባለችበት ትቆያለች? ዞራ መውጫውን ታገኛለች? ወደ 25 ሜትር ያህል ትሄዳለች? ያለ መሰላል ትወጣለች? አምስቱን ካደረገች መሠረቱ አለ። የፍሪስታይል (በሆድ ተኝቶ እጅን እያፈራረቁ መዋኘት) ማማር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ወላጆች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፍሪስታይል ነው፤ ፎቶ ላይ ስለሚያምር መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዳወጣው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ የሚሰጥሙበት መጠን ከነጮቹ 7.6 እጥፍ ነው። ወላጁ የማይዋኝ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይማር ይቀራል። የኛ ሰው አብዛኛው አይዋኝም። ስለዚህ ዘንድሮ አልፈልግም አለች ብለሽ አትተዪው።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም ሁለቱን ልጆች ገንዳ ይዤ እንድወርድ ታዘኛለች። ትልቁ 6 ዓመቱ፣ ትንሿ 3 ናት። እኔ ዋና አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ ይሄ አሳሰበኝ። በመጀመሪያ ለማዳም በግልጽ ንገሪያት፦ «ዋና አልችልም፤ ልጅ ቢሰጥም ማውጣት አልችልም።» ድፍረት አይደለም። ለልጆቿም ለአንቺም ነው። ከተቻለ በጽሑፍ ላኪላት። ዋና የሚችል ትልቅ ሰው ሳይኖር አይግቡ።

ግድ ሆኖ ከወረድሽ ለወገብሽ በማያልፈው በኩል ብቻ ይሁኑ፤ አንቺም ውሃው ውስጥ ቁሚ። ትንሿ እጅሽን ዘርግተሽ ከምትደርሺባት አትራቅ። ስልክ ይቅር። ረጅም እንጨት ወይም መወርወሪያ ጎማ አጠገብሽ አስቀምጪ።

ልጅ ወደ ጥልቁ ከሄደ ተከትለሽ አትዝለዪ። ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። ጩኺ፣ መሬት ላይ ተኝተሽ እንጨቱን ወይም ፎጣውን ዘርጊለት፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሪለት። የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም። ፀጥ ይላል። ፀጥታ ሲበዛ ተነሺ።

ሌሊት ወይም ማንም በሌለበት ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይወርዱ አጥርና በር እንዲሠራ ጠይቂያት። አንቺም ዕድሉ ከተገኘ ተማሪ፤ ትልቅ ሰው አይማርም ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ገንዳም ወንዝም የለም። ታዲያ ይሄ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ?

መልስ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣላችሁ? እንግዲያው ቤትሽ በርሜል፣ ባልዲና ሮቶ አለ። ገና መሄድ የጀመረ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ አሻንጉሊት ሊያወጣ ጎንበስ ካለ በራሱ ይደፋል፣ ተመልሶ መነሳት አይችልም። ለዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። በርሜሉን ክደኚ፣ ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር ጫኚበት። የልብስ ማጠቢያውን ውሃ እንደጨረስሽ ድፊው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ገንዳ ውድ ነው፤ ጣና ደጃችን ነው። ልጄን እዚያ ባስተምረውስ?

መልስ፦ አልመክርም። ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል ዓይነት ነገር በቆዳ በኩል ይገባል፤ ልጁ ውሃውን ባይጠጣም ይይዘዋል። ሐዋሳና ዝዋይም እንዲሁ። ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወስደህ አስመርምረው፤ መድኃኒት አለው። ጉማሬውንም አንርሳ። ቢሾፍቱ ላይ ያሉት እነ ሆራና ባቦጋያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ስለሆኑ ከዳሩ ጥቂት እንደገባህ መሬቱ ይከዳሃል። ለጀማሪ ውስጡ የሚታይ ጥርት ያለ ውሃ፣ እግር የሚደርስበት ወለል ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ቀን ገንዳ ብትወስደው በዓመት ሦስት መቶ ቀን ሐይቅ ዳር ከመዋል ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን ዋና እየወሰዷት ነው። ብርድ ቢመታትስ ልጄ? ጆሮዋም ያማታል።

መልስ፦ እማማ፣ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው የሚመጣው። ግን ስጋትዎ መሬት ጠብ አይልም። ትንሽ ልጅ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ ያለ ገንዳ ለኔም ይከብደኛል። ከንፈሯ መጠቆር ወይም ጥርሷ መንገጫገጭ ከጀመረ ወዲያው ትውጣ፣ ፎጣ ይደረብላት፣ ትኩስ ነገር ትጠጣ። ጆሮዋን ሲያጠቡ ጥጥ በእንጨት አይክተቱ። ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብለው ውሃውን ያፍስሱት። ሕመሙ ከተመላለሰ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ወደ ሶደሬ ይዘዋት ከሄዱ ፍል ውሃው ለትንሽ ልጅ ይበዛል፤ ብዙ አታቆዩአት።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦቲዝም አለበት። ውሃ ሲያይ ወደ ውሃው ይሮጣል። የሚቀበለኝ አሰልጣኝ አጣሁ።

መልስ፦ ውሃ የሚስበው ልጅ ስለሆነ ከሌሎቹ አስቀድሞ መማር ያለበት እሱ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የመስጠም አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቃል። አንድ ለአንድ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን። ፊሽካ የሚነፋበት ገንዳ አይሆነውም። የሚሠራውን በሥዕል አድርገሽ ቀድመሽ አሳዪው። አልቀበልም ያለሽን ሰው ደግሞ አትለምኚው፤ የማይፈልግ ሰው እጅ ላይ ልጅ አይጣልም።

ጥያቄ፦ ውሃ የጠጣን ልጅ እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ሆዱንም አትጫኑ። ጊዜ ይባክናል፣ የወጣው ወደ ሳንባ ይገባል። ልጁ የማይተነፍስ ከሆነ አንዱ አምቡላንስ ለመጥራት (አዲስ አበባ ከሆነ) 907 ወይም 939 ይደውል። ሌላው በጀርባው አስተኝቶ አገጩን ቀና ያድርግና 5 ጊዜ ትንፋሽ ይስጠው፤ ለሕፃን አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍ ሸፍኖ። ካልነቃ ደረቱ መሃል ላይ 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ አይቆምም። በጽሑፍ አይለመድም፤ ቀይ መስቀል ሥልጠና ይሰጣል፣ ሂዱ። ነቅቶም ከሆነ ሳሉ ካልቆመ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከፈዘዘ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ጥያቄ፦ በስንት ቀን ይችላል?

መልስ፦ በቀን አልዋዋልም። «በ10 ቀን ዋና» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሹሩባ ተሠርታለች። ክሎሪኑ ፀጉሯን እንዳይጨርሰው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመግባቷ በፊት በንጹህ ውሃ አርሺውና ትንሽ ዘይት ወይም ኮንዲሽነር ቀቢው። የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙም አይጠጣም። ተራው ኮፍያ ለሹሩባ ይጠባል፤ ሰፋ ያለ አለ። የዓለም ዋና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ለውድድር አልፈቅድም ብሎት ነበር፣ በ2022 ፈቅዶታል። ስትወጣ ወዲያው እጠቢያት፤ እርጥቡን ጠቅልለሽ አትሰሪው።